የሻወር ቤታችን ምርቃት

ይኸውላችሁ፣ ያረጀውን ሻወር ቤታችንን እንደ አቅሚቲ አደስነው። ሴራሚኩ ከሦስት ሰው ግንባታ የተራረፈ ስለሆነ ሦስት መልክ አለው፤ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ዳባት ላይ ከፈረሰ ሆቴል የመጣ ነው። ሁሉም ተሟልቷል፤ እዚህ ደባርቅ ላይ ውሃ ከጠፋ ግን ወር አልፎታል። የንስሐ አባታችን ክፍል በክፍል ጠበል ሊረጩልን ሲመጡ የሻወር ቤቱን በር ቀድሜ ዘጋሁት።

«እዚህስ?» አሉኝ።

«ኧረ አባ፣ መጸዳጃ ነው፤ ነውር ነው!»

ከፍተውት ገቡ። ግድግዳውን በአድናቆት ዳሰሱና ሻወሩን ሲከፍቱት እፍፍ ብሎ ነፋስ ተነፈሰባቸው። ሚስቴ ከኋላዬ፣ «አባ፣ እሱ ላይ ጠንከር አድርገው ይርጩልን፤ ከታደሰ ወዲህ ውሃ አይቶ አያውቅም!» አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ኮስተር ብለው ሻወሩን ሦስት ጊዜ ረጩትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፤ «ውሃ የመጣ ዕለት አደራ፣ ከእናንተ በፊት እኔ ልታጠብበት!»