ጥፍር የምታክለው ምልክት

ከአየር ጤና ስመለስ ኮልፌ ላይ ዝናብ ያዘኝና ካገኘሁት ሱቅ ዘው አልኩ። የሐጂ ኢብራር ፍራሽ ቤት ኖሯል። ሐጂ ሰው አክባሪ፣ ነገር ግን አዲስ ነገር ሲሰሙ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አዛውንት ናቸው። እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና ክርክር ባለበት ዝም ማለት አልችልበትም። ያን ቀን ግን የእኔ እርዳታ አላስፈለገም፤ ልጃቸው ዊዳድ አባቷን ወጥራ ይዛቸው ነበር።

“አባባ፣ ድረ ገጻችን እኮ ምልክት የለውም” ትላለች። “ሰው ሲከፍተው ከስሙ አጠገብ የሚታየው ግራጫ ክብ ነው። እዚያ ቦታ የራሳችን ትንሽ ምስል ትግባ። ፋቪኮን ይሏታል።”

“ልጄ፣ ድረ ገጽ አልሽ፣ እሺ አልኩ። አሁን ደግሞ ጌጥ? ሱቄ እንኳ ታፔላ የለውም! የታወቀ ሰው ታፔላ ምን ያደርግለታል? ታፔላ የሚያበዛው እንደ ደሜ ያለው ነው። ለማያውቁሽ ታጠኚ በለው!”

ደሜ ከመንገዱ ማዶ ያለ ፍራሽ ነጋዴ ነው። ሐጂ ስሙን ሲያነሱ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት በአጋጣሚ አይመስለኝም።

“ኮልፌ ያውቅዎታል። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰው ግን እርስዎን በምን ይለያል?”

“በጥራቴ! የኔ ፍራሽ ከሺህ መሃል ራሱን ያስታውቃል።”

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ወይዘሮ ተናኘ ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ገቡ። አስኮ ላይ ቤርጎ ሊከፍቱ ነው፤ ለአልጋዎቹ ሁሉ ፍራሽ ከማን እንደሚገዙ የሚወስኑት በዚያ ዕለት ነበር። ሐጂ ይህን ትዕዛዝ ሲጠባበቁ እንደሰነበቱ ፈገግታቸው ያስታውቃል።

“ሐጂ፣ የነጋዴውን ሁሉ ገጽ ከፍቼ ሳወዳድር የእርስዎ ጠፋብኝ” አሉ ወይዘሮ ተናኘ።

እውነታቸውን ነው። በስክሪኑ አናት ላይ የተደረደሩት ገጾች ከመብዛታቸው የተነሳ ስማቸው ተቆርጦ የሚነበበው “ፍራሽ” ብቻ ነበር። ከእያንዳንዱም አጠገብ ያው ግራጫ ክብ አለ።

“ይሄ ይጠፋል?” ሐጂ መነጽራቸውን አጠለቁና አንዱን ከፈቱ። “ይኸውና! ይዩት ስፌቱን! ይዩት ውፍረቱን! ወላሂ፣ ከዚህ የተሻለ ፍራሽ ኮልፌን ቢያስሱ አያገኙም!”

ወይዘሮ ተናኘ በጥሞና አዩት። “እውነትም ያምራል። ግን ሐጂ፣ ከታች ያለው የደሜ ስምና ስልክ ነው።”

እኔ ሳቄን በጋዜጣዬ ሸፈንኩ። ዊዳድ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ሐጂን ግን ላብ አጠመቃቸው፤ የምሬን ነው፣ አሳዘኑኝ።

“ምዬ የመሰከርኩለትን ዕቃ መልሼ ላጣጥል አልችልም” አሉ በመጨረሻ። “ግማሹን ከኔ፣ ግማሹን ከደሜ ይውሰዱ።” ወይዘሮ ተናኘም በዚሁ ተስማሙ።

ዊዳድ ይህን ጊዜ ለስለስ ብላ ጠየቀች። “አባባ፣ ፍራሻችን ከሌላ ነጋዴ ዕቃ ጋር አይሱዙ ላይ ሲጫን ጥጉ ላይ አረንጓዴ ክር የሚሰፉበት ለምንድን ነው?”

“እንዳይደባለቅብኝ ነዋ!”

“ይህም ያው ነው። ገጻችን ያለ ክር ነው የተጫነው።”

ሐጂ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። “እሺ፣ እንዴት ነው የሚገባው?”

“አራቱም ጎኗ እኩል የሆነች ምስል እሠራለሁ። ከድረ ገጹ ፋይሎች ጋር አስቀምጣትና፣ በገጹ ኮድ መጀመሪያ ላይ ምስሏ የት እንዳለች የሚናገር አንድ መስመር እጽፋለሁ። አለቀ።”

“እንግዲያው ፎቶዬን ከነጥምጥሜ፣ ሱቁንም፣ ስልኩንም ጨምሪበት!”

“ጥፍር በምታክል ቦታ? ጢምዎ የፈሰሰ ቀለም ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ።”

ከብዙ ድርድር በኋላ በአረንጓዴ የተጻፈች የኢብራር “ኢ” ተመረጠች። ዊዳድ እዚያው ሠርታ አስገባቻት፤ በወይዘሮ ተናኘ ላፕቶፕ ላይ ግን ግራጫው ክብ አልነቃነቅ አለ።

“አልሆነም! ይሄ ላፕቶፕም ለደሜ አደላ!” ሐጂ ጮኹ።

“ብራውዘሩ የድሮውን ምልክት ይዞ ነው” አለች ዊዳድ። ዘግታ ስትከፍተው “ኢ” ከግራጫዎቹ መሃል ፏ ብላ ታየች። ወይዘሮ ተናኘም ሳይጠየቁ ጣታቸውን ቀሰሩባት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ምልክት ያለው ገጽ ከብዙ መሃል ቶሎ ይገኛል፤ ለሌላ ቀን ብለው ሲያስቀምጡት አይጠፋም፤ ባለቤት እንዳለውም ስለሚያሳይ ያስተማምናል። ድካሙም ከአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አይበልጥም። እኔ ይህን ሳብራራ የሚሰማኝ አልነበረም፤ ሐጂ በዝናብ ወደ ደጅ ወጥተው ማዶውን ይጣሩ ነበር።

“ደሜ! ኧረ ደሜ! አንተም ለገጽህ ምልክት አድርግ! ሁለተኛ ያንተን ፍራሽ በምላሴ አልሸጥልህም!”