ሻይ የፈሰሰበት የትናንት ሩዝ

ከትምህርት የሚመቸንን ቃል ብቻ ቆርሶ መውሰድ አለመማርን ያህል እንደሚጎዳ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ባለፈው ወር ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አሥራ አንድ ሸማኔዎች ሆዳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። ወጥ ቤቱ ጥፋተኛው የጉድጓዱ ውኃ ነው ስላለ ጉድጓዱ ታሸገ፤ ሴቶችም ውኃ ከሩቅ ያመላልሱ ጀመር። አንዲት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ከዚሁ ውኃ ናሙና ልትቀዳ መጣች። ብልቃጧን ይዛ በወጥ ቤቱ በር ስታልፍ ግን የሻይ ሽታ ሸተታትና ጎራ አለች። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ምድጃ ላይ የነገሡት ዋና ወጥ ሠሪ አክስቷ በትልቁ ድስት ሩዝ ላይ አረንጓዴ ሻይ ያንቆረቁራሉ።

«እሰይ! እመቤት ብልቃጥ መጣች! አረንጓዴ ሻይ ጀርም ይገድላል ያልሽኝን ይኸው ሥራ ላይ አዋልኩት።»

«ሩዙ መቼ ተቀቀለ አክስቴ?»

«ትናንት ከሰዓት። እዚሁ ድስቱ ውስጥ አደረ። ሻዩን ጠጥቶ ሲንተከተክ የማይሞት ምን ጉድ አለ?»

«አለ እንጂ! ወሬዬን ሳልጨርስ ተነሥተው ሄዱ። አንዳንዱ ጀርም ሲጨንቀው እንደ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ መፍላትም ላይገድለው ይችላል። ሩዙ ሞቅ እንዳለ ሲያድር ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ይተፋል። ያንን መርዝ ደግሞ እሳትም አያጠፋውም።»

«ሻዩስ?»

«እኛ የምንሞክረው ከቅጠሉ ተጣርቶ የወጣውን፣ በልክ የተመጠነውን ንጥር ነው። እሱም ቢሆን ጀርሙን ያዳክማል፣ ቅርፊት ከለበሰውም አንዳንዱን ይገታል እንጂ ሁሉን አይፈጅም። ይህ የማንቆርቆሪያ ሻይ የሩዙን ቀለም ከመለወጥ በቀር ምንም አይፈይድም።»

አክስቷ ሳቁ። «ሃያ ሁለት ዓመት አበላሁ፤ ማን ሞተ?»

«አሥራ አንዱ ሸማኔዎችስ ምን በልተው ነበር?»

አክስቷ ጭልፋቸውን አነሡ። የምሳው ደወል ተደወለ፤ ሠራተኛውም ሳህኑን ይዞ ተሰለፈ። ልጅቱ ድስቱን ከድና ከፊቱ ተገተረች።

«ይህ ድስት ከዚህ ንቅንቅ አይልም!»

«በእኔ ወጥ ቤት? ዞር በይ!»

«አልዞርም! ከፈለጉ ይምቱኝ፤ ያሳደጉኝ እጆች ናቸው። ሠራተኛው ዛሬ ዳቦ ይብላ።»

«እንግዲያው እዪኝ!» አክስቷ ገፍተዋት ክዳኑን አነሡ፤ ሳህን ሙሉ ጨልፈው፣ በቆሙበት፣ አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ በሉ። «ይኸው! ሞትኩ?» ልጅቱ ግን ድስቱን መልሳ ከደነች፤ ሠራተኛውም ዳቦውን በልቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በእህል ማከማቻው አግዳሚ ላይ ባልዲ ታቅፈው ያስመልሳቸው ጀመር። ዳቦ ከበላው ሠራተኛ አንድም ሰው አልታመመም። ልጅቱ ግንባራቸውን ደግፋ ይዛለች።

«ልጄ፣ እነዚያም ሰዎች እንዲህ ሆነው ነበር?»

«እንዲሁ ነበሩ አክስቴ።»

«እኔ ደግሞ ውኃውን ከሰስኩ።» ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ከእንግዲህ እንዴት ላድርገው?»

«የዕለቱ በዕለቱ ይቀቀል። የተረፈው በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ ቶሎ ይቀዝቅዝና ማቀዝቀዣ ይግባ።»

«ሻዩስ?»

«ሻዩን ይጠጡት።»

አክስቷ በሕመማቸው መካከል ፈገግ አሉ። ሆዳቸው እንደ ረጋ ከሥራ አስኪያጁ ፊት ቀርበው ጥፋታቸውን በገዛ አፋቸው ተናገሩ። ውኃውም ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ስለ ተገኘ ጉድጓዱ ተከፈተ፤ ከሩቅ ውኃ የሚያመላልሱት ሴቶች አረፉ። ከዚያ ወዲህ በሩዝ የታመመ ሸማኔ የለም።

አክስቷ ግን የወጥ ቤቱን ቁልፍ አስረከቡ፤ ከዋና ወጥ ሠሪነትም ተሽረው ስድስት ወር ሳህን እንዲያጥቡ ተፈረደባቸው።