ያለ ዜማ የተወቀጠው ጠጠር

(በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር፣ በአዲስ የወሊድ ክሊኒክ ግንባታ ላይ። ፎርማኑ ጋሽ ላቀው ስልኩን ደጋግሞ ያያል፤ የአፈር መርማሪዋ ትርሲት መሬት ውስጥ ከመታችው የብረት ዘንግ አጠገብ አልነሣም ብላለች።)

ላቀው፦ ፈርሚልኝ እንጂ ልጄ! የኮንክሪቱ መኪና ድልድዩን አልፏል።

ትርሲት፦ ይመለስ።

ላቀው፦ ኮንክሪት ያልተሸጠ በግ መሰለሽ፣ ወደ ቤት የሚነዳ? መንገድ ላይ ይደርቃል!

ትርሲት፦ በምዕራብ በኩል ዘንጉን ሠላሳ ሳንቲም ለማስገባት ሃያ ሁለት የመዶሻ ምት ፈጀብኝ። በምሥራቅ ስድስት።

ላቀው፦ መዶሻሽ ያዳላል።

ትርሲት፦ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ስድስት።

ላቀው፦ እዚህ አሸዋ ላይ ሲኖትራክ ሲመላለስ ከርሞ አንድ ጣት አልሰመጠም!

ትርሲት፦ ሥሩ ውሃ ነው፣ ጋሽ ላቀው። ምድር ስትናጥ ውሃው መውጫ ያጣል፤ አሸዋው እንደ ሾርባ ይሆናል። በየጉድጓዱ ጠጠር የምንወቅጠው አሸዋውን እንዲያጠብቅ፣ ውሃውንም እንዲያስወጣ ነው።

ላቀው፦ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ስድሳውን ጉድጓድ ማን አስወቀጠና!

ትርሲት፦ በየንብብሩ፣ ጠጠር በተጨመረ ቁጥር፣ ሃያ አምስት ምት?

ላቀው፦ እንዴታ! ቦጋለ ዘፈኑን ያወጣል፣ ሌላው ወቃጭ ይቀበላል፤ ዜማው አንዴ ሲዞር ሃያ አምስት ይሞላል። ቆጣሪ አንፈልግም።

ትርሲት፦ ቦጋለ... ባለፈው ሳምንት ያረፉት?

ላቀው፦ እሱው። ነፍሱን ይማር።

ትርሲት፦ ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን ማን አወጣ?

ላቀው፦ ጓደኛ ሞቶ ይዘፈናል እንዴ? ሳምንቱን የምሥራቁን በኩል ዝም ብለው ሠሩ። ወግ አለን እኮ።

ትርሲት፦ ዝም ብለው ሲወቅጡ ማን ቆጠረ?

ላቀው፦ (ስልኩን እያየ) መኪናው ሊደርስ ነው።

ትርሲት፦ ጋሽ ላቀው?

ላቀው፦ እጃቸው ለምዶታል።

ትርሲት፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ላቀው፦ አንቺ ደግሞ ሳይፈስ ትለቅሚያለሽ!

ትርሲት፦ ከሚፈስ ይሻላል። ምሥራቁ የምጥ ክፍል ነው። ምጥ የያዛት ሴት መሬት ሲከዳት በየት ታመልጣለች?

ላቀው፦ እሺ፣ ለአሠሪው ምን ልበል? ቦጋለ ሞቶብን ነው ልበል? በሙት አሳበበ ይሉኛል!

ትርሲት፦ እኔ የምጽፈው ቁጥሩን ብቻ ነው። በምሥራቅ በኩል የዘጠኝ ጉድጓድ ጠጠር ወጥቶ እንደገና ይወቀጣል።

ላቀው፦ (በስልክ) ሄሎ፣ ሹፌር! ወደ አጥሩ መሠረት አዙረው፤ እዚያ ይፍሰስ። (ለትርሲት) አንቺም ዘጠኙን ሰርዢው። የቦጋለ ቀብር የዋልኩ ዕለት እኔ በሌለሁበት የሞሏቸው ሌላ ሦስት አሉ፤ አሥራ ሁለት በይው።