የዘይነባ አዲስ ጥርስ

አዳማ ገበያ ውስጥ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጠው ዘይነባ የወለቁ የፊት ጥርሶቿን አስተክላ መሳቅ ስትጀምር፣ ደንበኞቼ ሁሉ ወደ እሷ የሄዱ መሰለኝ። ቅናት አንጀቴን ጨረሰው። እኔስ ወላቃዬን ይዤ እስከ መቼ! በነጋታው ጥርስ ሐኪም ቤት ገብቼ፣ "እሑድ ሠርግ ተጠርቻለሁ፤ አድርሱልኝ" አልኩ።

ዶክተሯ ሳቋን አፍና፣ "እናቴ፣ መጀመሪያ ድድዎ ይታከም፤ ስኳርዎን ይመርመሩ፤ አጥንትዎ ይበቃ እንደሆነ በራጅ እንይ። ከዚያ ጥርሱን የሚሸከመው ብሎን መንጋጋ አጥንትዎ ውስጥ ተተክሎ እስኪይዝ ወራት ይፈጃል። ጥርሱ የሚገጠመው መጨረሻ ላይ ነው" አለችኝ።

"ወራት ሙሉ ሰው ፊት እንዴት እቀርባለሁ?"

"አንዳንዱ ጊዜያዊ ጥርስ ያደርጋል፤ አንዳንዱ አፉን ሸፍኖ ይታገሣል።"

ክው አልኩ። ዘይነባ ስንት ወር አፏን በሻርፕ ሸፍና፣ ሰላም ስላት አንገቷን ብቻ ስትነቀንቅ፣ "ኮራች" ብዬ ለገበያው ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ።

ይኸው ብሎኑ ተተክሎልኝ፣ አሁን በተራዬ አፌን በነጠላ ሸፍኜ እሸጣለሁ። ሰዎች "ምን ሆና ነው?" ብለው ሲጠይቋት፣ ዘይነባ "ጉንፋን ይዟት ነው" ትላቸዋለች። በጥርሷ የተቃጠልኩት አንሶ፣ ደግሞ በደግነቷ ልቃጠል?