የኢስራ ጣት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ ሊንቀሳቀስ ሲል አንዲት ወጣት ሮጣ ደረሰችና ከአቶ ሱሌማን አጠገብ በቀረችው ቦታ ተቀመጠች። «አሰላሙ ዓለይኩም አባቴ» አለች። እሳቸው ሰላምታውን መለሱ እንጂ ዞረው አላዩዋትም። ዓይናቸው ጭናቸው ላይ ከተቀመጠችው የልጃቸው ልጅ ከኢስራ አልተነቀለም። የአራት ዓመቷ የኢስራ ዓይን ደግሞ በእጇ ከያዘችው ስልክ አልተነቀለም።

አቶ ሱሌማን ፈሪ አልነበሩም። ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጦርነቱ ከተማ ድረስ በገባ ጊዜ እንኳ «ከቤቴ አልወጣም» ያሉ ሰው ናቸው። አሁን ግን ፈርተዋል። የፈሩትም ጭናቸው ላይ የተቀመጠችውን ይህችን አንድ ፍሬ ልጅ ነው፤ ሰው ቢሰማ ይስቅባቸው ነበር።

ሐረጎ፣ ጠመዝማዛው ዳገት ላይ የስልኩ ባትሪ አለቀ።

ኢስራ ጮኸች። እንባ የሌለበት፣ ሾፌሩን ሳይቀር በመስታወት ወደ ኋላ ያሳየ ጩኸት ነበር። ከዚያ ድንገት ዝም አለችና የቀኝ ጣቷን አንሥታ አየሩን ወደ ላይ ትጠርግ ጀመር። ወደ አያቷ ዞራም ጣቷን አገጫቸው ላይ አሳርፋ እስከ ግንባራቸው ድረስ ጠረገች። ደግማ ጠረገች። ዓይኗ ፊታቸው ላይ ነው፤ እሳቸውን ግን አያይም። ከኋላ የተቀመጡ እናት «አዑዙ ቢላህ!» ብለው የራሳቸውን ልጅ ወደ ጉያቸው ሳቡ።

«ምን ሆና ነው አባቴ?» አለች ወጣቷ።

«ጅን ነው ልጄ» አሉ አቶ ሱሌማን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤታችን ወንዝ ዳር ነው። ስሟን ብጠራት አትሰማም። የነበሯት ሦስት አራት ቃላት እንኳ ጠፍተዋል። በዚህ ጣቷ ግድግዳውንም የእናቷንም ፊት እንዲህ ስትጠርግ ነው የምትውለው። ደሴ ዙሪያ አንድ ሰውዬ አለ አሉኝ፤ በርበሬ አጭሶ ያስለቅቃል። ወደሱ ይዣት እየሄድኩ ነው።»

ወጣቷ ሱሀይላ ትባላለች፤ ደሴ ፒያሳ አጠገብ ባለ የሕፃናት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። የበርበሬውን ነገር ስትሰማ ደነገጠች። ብትቆጣ ሽማግሌው ጆሯቸውን እንደሚዘጉባት አውቃ ግን ድምጿን አለሰለሰች።

«ስልኩን ማን ሰጣት አባቴ?»

«እኔ ነኝ። ምን ነውር አለው? የከፈትኩላት መንዙማ ነው። እናቷ መዲና ፈረቃ ስትገባ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ነቢ የሚወደሱበት ቤት ክፉ አይጠጋውም ብዬ ጧት እከፍትላታለሁ፤ እስከ መግሪብ ከእጇ አይለይም።»

«መንዙማው ሲያልቅስ?»

«ሌላ መንዙማ ይመጣል እንጂ!»

«ጎንበስ ብለው አይተው ያውቃሉ?»

አቶ ሱሌማን አይተው አያውቁም።

«ሲያልቅ ስልኩ ያሻውን ያመጣል» አለች ሱሀይላ የልጅቷን ጣት ቀስ ብላ ይዛ። «እሷም በዚች ጣቷ ወደ ላይ ትጠርገዋለች፤ ሌላ ይመጣል። ያንንም ትጠርገዋለች። ክፍሌ ውስጥ አምስት ልጆች እንዲህ እያደረጉ መጥተውብኛል። አሁን እርስዎን የጠረገችዎ አልፈው ሌላ ነገር እንዲመጣላት ብላ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ለአያት ከዚህ የከፋ ቃል የለም። አቶ ሱሌማን ጅኑን ሲፈሩ ከርመው አሁን የገዛ እጃቸውን ፈሩ። ስለፈሩም ተቆጡ።

«እናንተ የተማራችሁ ሁሉን በስልክ ታሳብባላችሁ! ጅን የለም ልትዪኝ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ዱዓዎንም አይተዉ። ግን መጀመሪያ ሐኪም ጆሮዋን ይያት። በርበሬው የሚያቃጥለው የሷን ሳንባ ነው።»

«ስልኩንስ ነጥቄ የት ልልቀቃት? መንገዱ ከባድ መኪና ነው፤ ወዲያ ወንዙ አለ። ከጦርነቱ ወዲህ ልጅ ከዓይኔ ከተሰወረ ልቤ ይቆማል። ስልክ ይዛ ስትቀመጥ ግን ይኸው፣ አለች።»

«አለች ወይ አባቴ?»

አቶ ሱሌማን ወደ ኢስራ ጎንበስ አሉ። ሱሀይላ «በልጅነትዎ በምን ይጫወቱ ነበር?» አለቻቸው።

«በጭቃ ነዋ! ገጠር፣ ደጋን ሳለን አራት ጥማድ በሬ ነበረኝ። ቀንዳቸው እሾህ፣ ጭራቸው ሰርዶ።» ሳያስቡት ጣቶቻቸው ጭቃ እንደሚያድበለብሉ ተንቀሳቀሱ።

«ማን አስተማረዎት?»

«ማንም። ሥራ ፈትቼ ነው።»

«ኢስራስ አንድ ቀን ሥራ ፈትታ ታውቃለች? ያ ማሽን የጠገነ እጅዎ የተፈታው ደጋን ጭቃ ውስጥ ነው። ለሷም ግቢዎን ዘግተው ጭቃ፣ ጨርቅ፣ የጠርሙስ ክዳን ይስጧት። ስልኩ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ እሱም እርስዎ አብረው እያዩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትጮሃለች፤ ያስፈራል። እንዳይሸነፉ!»

ደሴ ሲወርዱ ስልክ ቁጥሯን ተቀብለው ልጅቷን ወደ ሐኪም ወሰዱ። ጆሮዋ ደህና ነው ተባለ። ሐኪሙ አንደበቷን ለመከታተል ከወር በኋላ ቀጠራት፤ ስለ ስልኩም የሱሀይላን ቃል ደገመ። ወደ ሰውዬው ሳይሄዱ ተመለሱ።

ሱሀይላ ያለችው አልቀረም። ስልኩ ቁምሳጥን ውስጥ በተቆለፈ በሦስተኛው ቀን ኢስራ ግንባሯን ከቁምሳጥኑ በር ጋር ታላትም ጀመር። ጎረቤታቸው ሸሪፋ በአጥር ላይ «ልጅቷን ልትገድሏት ነው እንዴ?» ብለው ጮኹ። አቶ ሱሌማን በአንድ እጃቸው ግንባሯን ከልለው በሌላው ቁልፉን አስገቡ። «ያ ረቢ፣ ብትሞትብኝስ?» አሉ። ይሁንና ያ «አለች ወይ?» የሚል ጥያቄ ጆሯቸው ላይ አቃጨለ። ቁልፉን መልሰው አወጡ፣ ልጅቷን አቅፈው ግቢ ወጡና አፈር ላይ ውኃ አፈሰሱ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጭቃ በሬ ሠሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ግቢያቸው ተቀምጠው ለሱሀይላ ደወሉ።

«አብሽሪ ልጄ፣ እንቅልፏ ተመልሷል። ምግብም ያለ ልመና ትበላለች። ስጠራት ትዞራለች። በክዳን ጎማ፣ በጨርቅ ሙሽራ ትሠራለች። ሸሪፋም የልጅ ልጆቿን እዚሁ ታመጣለች፤ ሲጣሉም ሲታረቁም ይውላሉ። እኔም ብሆን ስቀመጥበት ከምውለው ኩርሲ ተነሥቻለሁ። ቃል ብቻ ነው የቀረን።»

ይህን ሲሉ ኢስራ የጭቃ በሬ ይዛ መጣችና ፊታቸው ቆመች። ዓይኗ ጆሯቸው ላይ ካለው ስልክ ላይ አረፈ። ያቺ ጣት ተነሣች። ይኸው ልትጠርገኝ ነው፣ የሦስት ሳምንቱ ልፋት ገደል ገባ አሉ አቶ ሱሌማን በልባቸው።

ጣቷ ስልኩን አልፋ ወረደች። የጭቃው በሬ ራስ ላይ አንዴ ጠቅ፣ ሁለቴ ጠቅ አድርጋ ዓይን አወጣችለት። በሬውን ወደ ራሷ ፊት አዙራ አስተዋለችው፤ ከዚያ ቀና ብላ አያቷን አየች። እሳቸውን።

«አባባ» አለች። «አየኝ።»

አቶ ሱሌማን ሱሀይላን ሳይሰናበቱ ስልኩን ዘጉት።