የሰኔ አምስት ፊርማ

በጠረፍ በረሃ ያለ የወታደር ጣቢያ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤ የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ደግፌና በፀሐይና በናፍጣ በጣምራ የሚሠራውን መብራት ተክላ የጨረሰችው መሐንዲስ ትርሲት፣ በመካከላቸው የርክክብ ወረቀት አድርገው ተቀምጠዋል።

ትርሲት፦ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው ሻምበል። ከፈረሙልኝ አሁኑኑ አበራዋለሁ።

ሻምበል፦ ቀኑ ምን ይላል?

ትርሲት፦ ሰኔ አምስት።

ሻምበል፦ ዛሬስ?

ትርሲት፦ ጥቅምት ሃያ።

ሻምበል፦ ጎሽ። ዩኒቨርሲቲ ቀን መቁጠር ያስተምራል ማለት ነው።

ትርሲት፦ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ከዋናው ቢሮ ተሞልቶ ነው የተሰጠኝ።

ሻምበል፦ ተኳሹም ጥይቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም ይላል።

ትርሲት፦ በውሉ መሠረት ሰኔ ላይ ማስረከብ ነበረብን። መዘግየቱ ከታወቀ ድርጅቱ የሌሎቹን ጣቢያዎች ሥራ ያጣል። እኔም እንጀራዬን።

ሻምበል፦ አሁን መምጣታችሁም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ክረምቱን በምን እንደገፋነው ነግረውሻል?

ትርሲት፦ በጀኔሬተር።

ሻምበል፦ ናፍጣውን ማን ያመጣልን ነበር?

ትርሲት፦ አሥር አለቃ ዱባለ። ሰምቻለሁ። መስከረም ላይ መኪናው ፈንጂ ረግጦ… ነፍሳቸውን ይማር።

ሻምበል፦ ስምንት በርሜል ጭኖ። እዚህ በደረሰ ቁጥር ከመኪናው ሳይወርድ «የፀሐዩ ዕቃ መጣ?» ይለኛል። «እሱ ሲመጣ እኔ ዐርፋለሁ፤ ፀሐይ ሹፌር አትፈልግም» ይል ነበር።

ትርሲት፦ ሻምበል፣ እኔ ባልፈርም… ማለቴ፣ እርስዎ ባይፈርሙ እሳቸው አይመለሱም።

ሻምበል፦ ብፈርም ግን ደግሞ ይሞታል። ይህን ከጦሩ መምሪያ የመጣልኝን ደብዳቤ አንብቢ። ጮክ ብለሽ።

ትርሲት፦ «ጣቢያው ከሰኔ አምስት ጀምሮ በጣምራ ኃይል እየሠራ መሆኑን ከተቋራጩ ሪፖርት ተረድተናል። ለዚህም ሁለት በርሜል ናፍጣ በቂ ሆኖ ሳለ፣ ሟች ስምንት በርሜል የጫነው ለምን ዓላማ እንደሆነ…»

ሻምበል፦ ጨርሺው እንጂ።

ትርሲት፦ «…እስኪጣራ ድረስ የቤተሰቡ የጡረታ ጉዳይ ታግዷል።»

ሻምበል፦ ገባሽ? በእናንተ ወረቀት ዱባለ የናፍጣ ሌባ ነው። ግልባጩ ሚስቱ ዘንድ የደረሰው ገና ሐዘን ላይ ተቀምጣ ሳለች ነው። ይህን ለማጽደቅ እስካሁን የጎደለው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።

ትርሲት፦ ይህን አላወቅኩም።

ሻምበል፦ አሁን አወቅሽ። ቀኑን ሰርዢው።

ትርሲት፦ ሥልጣኑ የለኝም። አንዴ ተጽፏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

ሻምበል፦ ወረቀቱስ ይኸው። ሞኙ ማነው?

ትርሲት፦ አይቆጡኝ። ካልፈረሙ እንዳላበራ፣ ቁልፉንም ይዤ እንድመለስ ታዝዣለሁ።

ሻምበል፦ ፀሐይን ቆልፈሽ ትሄጃለሽ በይኛ!

ትርሲት፦ ናፍጣችሁ እስከ መቼ ያደርሳችኋል?

ሻምበል፦ እስከ ማታ። ከዱባለ ወዲህ ያንን መንገድ የደፈረ ሹፌር የለም።

ትርሲት፦ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው የእባብ መድኃኒትስ?

ሻምበል፦ በዚህ ሙቀት ይበላሻል። ትናንት እባብ የነደፈው ልጅ ማዶ ድንኳን ውስጥ ተኝቷል፤ ሁለተኛው መርፌ ነገ ነው። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ማንን ልሽጥ? የሞተውን ወይስ ያለውን?

ትርሲት፦ …ሰው ያለውን ነው የሚመርጠው።

ሻምበል፦ ይህን አውቃችሁ ነው የምትመጡት። ብዕሩን አምጪ።

ትርሲት፦ ሊፈርሙ ነው?

ሻምበል፦ ሠላሳ አንድ ሰው አለኝ። ዱባለ ይቅር ይለኛል፤ ሚስቱ አትለኝም። የት ጋ ነው?

ትርሲት፦ እዚህ… ይቆዩ። አይፈርሙ።

ሻምበል፦ ደግሞ ምን ጎደለው?

ትርሲት፦ ይህ ከጎናችን ያለው መቆጣጠሪያ መብራቱ መጀመሪያ የበራበትን ቀን ራሱ ይመዘግባል። የማይፋቅ ነው። ሰዓቱን ወደ ሰኔ መልሰሽ አብሪው ተብዬ ነበር።

ሻምበል፦ መለስሽው?

ትርሲት፦ ጠዋት መልሼዋለሁ። እርስዎ ቁርስ ሲልኩልኝ እሱን እየሠራሁ ነበር።

ሻምበል፦ ቁርሳችንን በላሽልን እንግዲህ።

ትርሲት፦ ይኸው፣ ሰዓቱን አሁን ወደ ዛሬ መለስኩት፤ ሰኔ ላይ እንዳልበራ ራሱ ይመሰክራል። ቁልፉ ይኸው፤ ወደ ቀኝ ያዙሩት።

ሻምበል፦ ያባርሩሻል እኮ፣ ልጄ።

ትርሲት፦ ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፉልኝ፤ «ጥቅምት ሃያ በራ። ያበራችው ትርሲት ወልደሰንበት።» የአባቴን ስም እንዳይዘሉት።