ባለ ሁለት ቀኝ

ሄሎ? ... አቤት ወንድሜ! ደረሳችሁ? ... ቆይማ፣ ጩኸት ነው፣ ልጆች ቴኒስ እያሠራሁ ነው። — እናንተ! መረቡ ላይ አትንጠልጠሉ ብያለሁ! — እሺ፣ ንገረኝ። የልጃችን ግጥሚያ ስንት ሰዓት ነው አሉ?

... ምን? ... ቀስ በል። እያለቀስክ አይሰማኝም። ... አውቶቡሱ ተገለበጠ? ... ልጅቷስ? ልጅቷስ አልኩህ! ... አለች። በሕይወት አለች ነው ያልከኝ አይደል? ... ተመስገን። እንግዲህ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው፣ ምን ያስለቅስሃል?

... ሁለቱም? ... ሁለቱም እጆቿ?

— መምታት አቁሙ! አቁሙ አልኩ እኮ! ሁላችሁም ቁጭ በሉ። —

አለሁ። እየሰማሁህ ነው። ... ወንበሩ ተጭኗቸው... እሺ። ደም አይደርሳቸውም... እሺ። ... እንዴት አንድ ሐኪም? በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ የደም ሥር መስፋት የሚችል አንድ ሰው ብቻ? ... ሌላ ሆስፒታልስ ብትወስዷት? ... መንገድ ላይ ሁለቱንም ታጣለች አለ። ... ስለዚህ አንዱን ሰፍቶ እስኪጨርስ ሌላው... ገባኝ። አትድገመው፣ ገባኝ አልኩህ።

እና እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግላችሁ?

... "ዋናው እጇ የትኛው ነው?" አለህ። ... አንተስ ምን አልከው? ... አባት ሆነህ እንዴት አላውቅም ትላለህ? ... አይ፣ ልክ ነህ። ይቅር በለኝ። እሷ ራሷ ምን አለች? ... "አክስቴን ጠይቁ።" ... ወይ ልጄ።

ስማኝ። ግራኝ ሆና ነው የተወለደችው፤ ስትበላ አንተ ግራ እጇን በሻሽ ታስርባት ነበር። ... ኧረ እየወቀስኩህ አይደለም፣ አሁን የወቀሳ ሰዓት ነው? እየነገርኩህ ነው! እኔ ጋ ስትመጣ ራኬቱን ለግራዋ መለስኩላት። ቀኙም ለምዶ ኖሮ አልለቅም አለ። ተውኳት። በቀኝ ለመጣ በቀኝ፣ በግራ ለመጣ በግራ፣ ራኬቱን እያቀያየረች ነው የምትመታው። እንደ ሌላው ሰው ክንዷን አጥፋ በእጇ ጀርባ መትታ አታውቅም። ዳኞቹ ሳይቀሩ "ባለ ሁለት ቀኝ" ይሏት የለ? ተጋጣሚዎቿ ደካማ ጎን ፈልገው ፈልገው ያጡባታል። ... ሰርቩ? የመክፈቻዋን ኳስ የምትመታው በግራዋ ነው። የሚፈሯት በእሱ ነው... ቆይ! ቆይ፣ ግራ ብለህ እንዳትሮጥ!

አሁን አጠገቧ ነህ? ... ፈዛለች? ትሰማለች ግን? ... እንግዲያው ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግ። ልጆቹን የምፈትንበት መላ አለኝ። ሳያስቡት "መጣች!" ብዬ ኳስ እወረውርባቸዋለሁ፤ ቀድሞ ብድግ የሚለው እጅ፣ እሱ ነው እጃቸው። አንተ ትከሻዎቿን እይ። ... ፊት ለፊቷ ነው የቆምከው? እንደሱ አይደለም፣ ግራና ቀኟ ይምታታብሃል። ራስጌዋ ሂድ። ... እሺ፣ ስጣት።

የኔ ቆንጆ... እኔ ነኝ፣ አክስትሽ። ምንም አትናገሪ። ... ... መጣች!

... ሄሎ? የትኛው ነው? የትኛው ቀድሞ ተነሳ?

... እኩል? ... አንዱ እኮ መቅደም አለበት! ደህና አድርገህ አይተሃል? ... እኩል። ...

ማነው እሱ? ... ሐኪሙ? ... አሁኑኑ መልስ ይፈልጋል። እሺ። እሺ፣ እስቲ አንዴ ዝም በሉ።

... ግራዋን ብንል ሜዳ ትመለስ ይሆናል። ይሆናል ነው እንግዲህ፣ በአንድ እጅ። ... ጸጉሯን የምታበጥረው በየትኛው ነው? ... ቁልፍ የምትቆልፈውስ? ... አዎ፣ የምትጽፈውም በቀኟ ነው። አንተ ባስለመድካት።

ቀኟን በል። ... አዎ፣ ቀኟን! ግራዋ ይቅር። ... እኔ ነኝ ያልኩት። ስትነቃ ብትጠይቅህ፣ አክስትሽ ናት ያለችው በላት፣ እኔን ትጥላኝ። ሂድ! ... ኧረ ስልኩን ጥለህ ሩጥ!

... ሄሎ? ... ማነው? ... አንቺ ነሽ? ስልኩን ትራስሽ ላይ ጥሎት ሄደ? ...

አለሁ፣ የኔ ልጅ። ... ምን አልሽ? ድምፅሽን... "ደረስኩባት ወይ?"

... ኳሷ ላይ? ... ደርሰሽባታል። እንዴታ! መስመሩ ላይ ነው ያሳረፍሻት። ማንም አልመለሳት። ...

በየትኛው እጄ አልሽ? ...

በግራሽ። ... አዎ፣ የኔ ቆንጆ። በግራሽ ነው የመታሻት። ...

ሄሎ? ... እየወሰዱሽ ነው? ... ሄሎ?